ደም የሚናገርባት አንድ ሰዓት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሆሳዕና ውስጥ በሰላም መንገድ መሄድ አልቻልኩም። አንዱ ከፋርማሲ ሲወጣ፣ ሌላዋ ከገበያ ስትመለስ ያስቆሙኝና የተጣጠፈ ወረቀት አውጥተው «እትዬ ማርታ፣ እስቲ ይቺን አንብቢልኝ» ይሉኛል። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ደም ስትመረምር የኖረች ሴት ጡረታ የምትወጣው ከመሥሪያ ቤቷ እንጂ ከከተማዋ አይደለም።

ባለፈው ቅዳሜ ያስቆመችኝ ሴት ግን ከሌሎቹ የተለየ ነገር ጠየቀችኝ። ጉልበቷን አሟት ሐኪም ቤት ሄዳ ደም ሰጥታለች። «ሐኪሙ ‹ሲአርፒሽ ከፍ ብሏል፤ ልብሽንም ማየት አለብን› አለኝ» አለች ወረቀቱን እያገላበጠች። «እኔ ያመመኝ ጉልበቴን! ከክንዴ ትንሽ ደም ወስደው ስለ ልቤ የሚያወሩት ምን አይተው ነው?»

መንገድ ዳር ቆመን ግማሽ ሰዓት ያህል አስረዳኋት። ከተለያየን በኋላም ነገሩ ከሆዴ አልወጣም። ያንን ጥያቄ እኔም በወጣትነቴ ጠይቄዋለሁ። መልሱ ገብቶኝ ሳያበቃም በአንዲት ልጅ ላይ ትልቅ በደል ሠርቻለሁ። ስለዚህ ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

የተወለድኩት ከሺንሺቾ ብዙም የማይርቅ መንደር ነው። አባቴ የሚስዮን ትምህርት ቤት አስተማሪ ስለነበር ቤታችን በከምባትኛ ይጸለያል፣ በአማርኛ ይጠናል። ሀዲይኛ የለመድኩት ኋላ ሆሳዕና ገብቼ፣ ከሕመምተኞች አፍ ነው። መንግሥት ሲለወጥ ሆስፒታል ውስጥ ካርድ ክፍል ስም ጻፊ ነበርኩ። ክልልና ዞን እየተዋቀረ፣ ባለሙያው ወደየአገሩ እየተመለሰ፣ ላቦራቶሪው ሰው ሲያጥረው «አንቺ እጅሽ ንጹሕ ነው፤ ጽሕፈትሽም ይነበባል» ተባልኩና ለሥልጠና ተላክሁ። ስመለስ ያስረከቡኝ ለጋሽ ኤርጊቾ ነው።

ጋሽ ኤርጊቾ የሆመቾ ሰው ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ካልተጠጉ በቀር ድምፃቸው የማይሰማ። ነጭ ጋዋናቸው ክርኑ ላይ ተጠግኗል፤ ቆሽሾ ግን አንድም ቀን አላየሁትም። የመጀመሪያው ቀን ማይክሮስኮፕ ያሳዩኛል ብዬ ስጠብቅ በር አዘጋግ አስተማሩኝ።

«ውጪና ዝጊው» አሉኝ። ወጥቼ ዘጋሁት።

«ሰማሁት። እንደገና።»

አራት ጊዜ አስደገሙኝ። በአምስተኛው ምንም ድምፅ ሳላሰማ ስዘጋው «ጎበዝ። አሁን ምክንያቱን ላሳይሽ» ብለው ወደ ጠረጴዛው ወሰዱኝ።

ጠረጴዛው ላይ ከእንጨት የተሠራ ማቆሚያ አለ። በእሱ ላይ ቀጫጭን ረጃጅም የመስታወት ቱቦዎች ቀጥ ብለው ቆመዋል። አንደኛው ደም ሞልቶበታል። ኢኤስአር የሚባለው ምርመራ ነው። ደሙ እንዳይረጋ ከሚያደርግ ፈሳሽ ጋር ይቀላቀልና በቱቦው ተስቦ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ምንም አይደረግበትም፤ አንድ ሰዓት ይጠበቃል። ቀዩ ደም በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከላይ ጥርት ያለ ቢጫ ውሃ ይቀራል። ሰዓቱ ሲሞላ ቀዩ ስንት ሚሊሜትር እንደወረደ ይነበባል።

«ይሄ ብቻ ነው?» አልኳቸው።

«ይሄ ብቻ ነው። የጤነኛ ሰው ደም አይቸኩልም። ሰውነት የሆነ ቦታ ሲቆጣ ግን፣ ሳንባ ይሁን መገጣጠሚያ፣ ልብም ይሁን፣ አንድ የሚያጣብቅ ነገር ደም ውስጥ ይበዛል። ያን ጊዜ ቀያዮቹ ሴሎች እንደ ሰሃን አንዱ ባንዱ ላይ ይነባበሩና ከብደው ቶሎ ይወርዳሉ። የት እንደተቆጣ አይነግርሽም። መቆጣቱን ግን ይነግርሻል። በር ካጋጨሽ ቱቦው ይነቃነቃል። ማቆሚያው ትንሽ ካዘነበለም ደሙ ያለ ልማዱ ይፈጥናል። ያኔ የምታነቢው የሕመምተኛውን ደም ሳይሆን የራስሽን በር ነው።»

ያን ቀን ሰዓቱን ሙሉ ከቱቦው ፊት ሳልነሳ ቆየሁ። መጀመሪያ ምንም አልታየኝም። ኋላ ከቀዩ አናት ላይ ክር የመሰለች ቢጫ መስመር ወጣች። ክሩ ወፍሮ ጣት አከለ፤ ከዚያም ሦስት ጣት። የደሙ ባለቤት ደጅ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ከጎረቤቱ ጋር ስለ እንሰት ያወራል፤ ሲስቅ ይሰማኛል። እሱ የማያውቀው ነገር እኔ ፊት ለፊት እየወረደ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቅዱስ ቁርባን ከፍ ሲደረግ የሚሰማኝ ዓይነት ዝምታ ነው የተሰማኝ፤ ከዚህ የተሻለ ቃል እስከ ዛሬ አላገኘሁለትም።

ጋሽ ኤርጊቾ የማይለቋቸው ልማዶች ነበሯቸው። በየጧቱ አንድ ቁልፍ በክር አንጠልጥለው ማቆሚያው ቀጥ ማለቱን ያያሉ። ቱቦ ላይ ሁለት ሰዓት ይጽፋሉ፦ ደሙ የተቀዳበትንና ቱቦው የቆመበትን። ደግሞ ወረቀቱን ከማየታቸው በፊት ሰውየውን ያያሉ። ሀዲያ ከሆነ በሀዲይኛ፣ ከምባታ ከሆነ በከምባትኛ ያወሩታል። መገጣጠሚያው ያበጠ ልጅ ከመጣ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ጉልበቱ አይደለም፤ «ከሳምንታት በፊት ጉሮሮህን አሞህ ነበር?» ነው።

«ጉሮሮና ጉልበት ምን አገናኛቸው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ልጅ ጉሮሮው ቆስሎ ሳይታከም ይድናል፤ ተሻለው ይባላል። ሰውነቱ ግን ተቆጥቶ ይቀራል፤ ተሳስቶ የራሱን ሥጋ መውጋት ይጀምራል። መጀመሪያ መገጣጠሚያ ላይ ይወጣል። ጉልበት ላይ እንግዳ ነው፣ አድሮ ይሄዳል። ልብ ላይ ግን ቤት ይሠራል። የልብን በሮች ያጠነክርና ያጣብቃቸዋል። እኛ ልቡ ገና ሳይታመም ቁጣውን ደሙ ላይ ካየን ፔኒሲሊን አለ፣ ዕረፍት አለ፣ ይደረስለታል።» ቱቦውን በጣታቸው ሳይነኩት ጠቆሙኝ። «ይቺ ቱቦ ነገ የሚሆነውን ዛሬ የምታሳይ ናት። ግን አትቸኩዪባት።»

ሥራውን ችለሻል ተባልኩና ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ተመደብኩ። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የቤቱ አይደለም። ላቦራቶሪው አንዲት ጠባብ ክፍል፣ ባለሙያዋ እኔ ብቻ ነኝ። አለቃችን ደግ ሰው ነበሩ። ችግራቸው የወር ሪፖርት ነው፤ የተመርማሪ ቁጥር ሲያንስ ምሳ አይበሉም።

የገበያ ቀን ነበር፣ በዚያ ላይ የወባ ወቅት። ከጧት ጀምሮ ሰልፉ ግቢውን ዞሮ ነበር። ከመሀል አንድ ሰው ልጅ አዝለው ገቡ። አቶ ሸምሱ ይባላሉ፤ የዳምቦያ ሰው፣ ዝንጅብል በአይሱዙ እየጫኑ የሚነግዱ። ያዘሏት ልጃቸው ዘይነባ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። በዚያ ዕድሜ በአባት ጀርባ መታየቱ አሳፍሯት ፊቷን በሻርፗ ሸፍናለች። ጉልበቷ አብጧል።

«ባለፈው ሳምንት ቁርጭምጭሚቷን ነበር ያመማት» አሉኝ አባትየው። «እሱ ሲሻላት ደግሞ ወደ ጉልበቷ ወጣ።»

ጋሽ ኤርጊቾ ቢሆኑ ሥራቸውን አቁመው ስለ ጉሮሮዋ ይጠይቋት ነበር። እኔ አልጠየቅኩም። ጤና ረዳቱ ኢኤስአር አዟል፤ ደም ቀዳሁ። ደም ሥሯ ጠፍቶኝ ሁለቴ ወጋኋት፤ አለቀሰች። ብልቃጡን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጥኩና ወደ ወባው ስላይድ ተመለስኩ። ከዚያ ረሳሁት።

ትዝ ሲለኝ ከሰዓት በኋላ ሆኗል። የቆየ ደም ለኢኤስአር አይሆንም። ሴሎቹ ቅርጻቸው ይለወጣል፣ አይነባበሩም፤ የተቆጣ ደም እንኳ እንደ ጤነኛ ዝግ ብሎ ይወርዳል። ይህን አውቃለሁ። አልተማርኩትም ብዬ ራሴን ላጽናና አልችልም። አባትና ልጅ ደጅ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል፤ ጠርቼ እንደገና መቅዳት ነበረብኝ። ግን ልቅሶዋ ታወሰኝ፤ ሰልፉም አላለቀም። «ምን ይሆናል» አልኩና ያንኑ ደም ቱቦ ውስጥ አቆምኩት።

ዝግ ብሎ ወረደ። ቁጥሩን ባማረ ጽሕፈት ጻፍኩ። ደሙ የተቀዳበትን ሰዓት ሳልጽፍ ተውኩት።

ጤና ረዳቱ ወረቀቱን አይቶ «ደሟ ደህና ነው፤ ብርድ ይሆናል» ብሎ ማስታገሻ ሰጣቸው። እሱ ምን ያድርግ፤ ያመነው እኔን ነው። አቶ ሸምሱ ልጃቸውን አዝለው በመስኮቴ ሲያልፉ ቆም አሉና «አላህ ይስጥሽ እህቴ፤ ደህና ናት አሉን» ብለው አመሰገኑኝ።

ሁለት ክረምት አለፈ። እኔም ወደ ሆሳዕና፣ ወደ ጋሽ ኤርጊቾ ተመለስኩ። አንድ ረፋድ ላይ ከመጡት ወረቀቶች አንዱን ሳነሳ ዘይነባ ሸምሱ የሚል ስም አየሁ። ብቅ ብዬ ደጁን አየሁ። ቁመቷ ጨምሯል፣ ሰውነቷ ግን አልቋል። ከበሩ እስከ አግዳሚው ያለችውን አጭር መንገድ ስትሄድ ሁለት ጊዜ ቆማ ተነፈሰች። ሐኪሙ ልቧን አዳምጦ ከልቧ በሮች አንዱ መበላሸቱን አውቋል፤ ቁጣው አሁንም መኖር አለመኖሩን ከደሟ ማየት ፈልጓል።

ደሟን ጋሽ ኤርጊቾ ቀዱ። መርፌውን እኔ አቀበልኳቸው። ቱቦው ቆመ። ሌላው ደም ገና ሳይነቃነቅ የእሷ እንደሚሸሽ ሰው ወረደ። ሰዓቱ ሩብ ሳይሞላ ቢጫው ከግማሽ ጣት አለፈ፤ አሁንም ይወርዳል። አፌን በእጄ ይዤ አየሁት።

«ታውቂያታለሽ» አሉኝ ጋሽ ኤርጊቾ።

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ መስኮቱን፣ የረሳሁትን፣ «ምን ይሆናል» ያልኩትን። አላቋረጡኝም፤ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ያን ቀን ብታነቢው ኖሮ ልቧ በእርግጥ ይድን ነበር አልልሽም» አሉ በመጨረሻ። «ምናልባት ይድን ነበር፤ ምናልባትም አይድንም። ያንን ምናልባት ግን ወስደሽባታል። ለአባቷ ንገሪያቸው።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ይንገሩልኝ።»

«እኔ ምኑን ነው የምነግራቸው? ደሙ መስኮትሽ ላይ ነው የዋለው።»

አቶ ሸምሱ ግቢው ውስጥ የባሕር ዛፍ ጥላ ሥር ቆመው ነበር። ተጠጋሁና ነገርኳቸው። ማስተባበያ አልጨመርኩም፤ የገበያውን ቀንም፣ ሰልፉንም አላነሳሁ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ያን ቀን አመስግኜሽ ነበር» አሉ።

«አዎ።»

ዞረው ከግቢው ወጡ። ይከሱኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ይገባኝም ነበር። ከቀትር በኋላ ተመልሰው መጡ፤ ፊታቸው ላይ የውዱእ ውሃ ገና አልደረቀም።

«ሰግጄ መጣሁ» አሉ። «ልቤ ግን አልበረደም፤ አልዋሽሽም። ሐኪሙ በየአራት ሳምንቱ መርፌ ትወጋ ብሏል፣ ለብዙ ዓመት። ቁጣው እንዳይመለስባት። እኔ መንገደኛ ነኝ፤ እናቷ ማንበብ አትችልም። ቀኑን አንቺ ያዢልኝ። አንድም መርፌ እንዳይዘለል። አንድ ጊዜ የረሳ ሰው ሁለተኛ አይረሳም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የዘይነባን ቀን ይዤ ኖርኩ። ሺንሺቾ ተመድቤ ስሄድም፣ ወደ ሆሳዕና ስመለስም፣ ቀኑ ሲደርስ ዳምቦያ መልእክት እልካለሁ። ስልክ ሳይገባ በሹፌር፣ ስልክ ሲገባ በስልክ። ጎርፍ መንገድ ዘግቶ አይሱዙው ሳይመጣ ሲቀር በአንድ ነርስ ጓደኛዬ እጅ መድኃኒቱን አስይዤ፣ ጭቃውን በእግራችን ወጥተን ዳምቦያ ድረስ ሄደናል። መውለጃዬ ቀርቦ እንኳ ቀኑን ለእህቴ አስጠንቼ ነው የተኛሁት። በዓመት ሁለት ጊዜ ደግሞ ደሟን እኔው ራሴ አቆማለሁ። ቁጣው ከዓመት ዓመት እየበረደ፣ ደሟ እየዘገየ ሄደ። እሷም ከጎኔ ተቀምጣ ማየት ለመደች። በደስታ ደሟን መስደብ ጀመረች፦ «እትዬ፣ የኔ ደም ዛሬ እንዴት ሰነፍ ነው!»

ሰነፍ ደም፣ ደስ የሚል ስድብ ነው።

ስለ ደሞዝና ስለ ደረጃ ዕድገት ብዙ አልጽፍም፤ በዚያ ዘመን የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። አንዱን ብቻ ላንሳ። ጋሽ ኤርጊቾ ጡረታ ሊወጡ ዓመት ሲቀራቸው ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ መጣና እያንዳንዱ ምርመራ በስንት ደቂቃ እንደሚያልቅ ቅጽ ሙሉ ተባልን። ከኢኤስአር ፊት ለፊት «ስልሳ» ብለው ጻፉ። ቅጹን የሚሰበስበው ወጣት «ጋሼ፣ ይህንን በግማሽ መቀነስ አይቻልም?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ይቻላል» አሉት። «ደሙን አስፈቅደህ ና።»

ሲአርፒ መጀመሪያ የመጣልን በጠብታ ነበር። ጥቁር ስላይድ ላይ የደሙን ውሃ አንድ ጠብታ፣ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ሌላ ጠብታ ታደርግና በእጅህ ታወዛውዘዋለህ። ሰውነት ካልተቆጣ ወተቱ ወተት እንደሆነ ይቀራል። ከተቆጣ ግን ዓይንህ እያየ ይረጋል። ሲአርፒ ጉበት በቁጣ ጊዜ የሚሠራው ነገር ነው፤ ከኢኤስአር ቀድሞ ይወጣል፣ ቀድሞም ይወርዳል። ወተቱ ሲረጋ ባየሁ ቁጥር ትንፋሼን እይዛለሁ።

ጋሽ ኤርጊቾ ጡረታ ከወጡ በኋላ ደግሞ ሲአርፒን በትንሽ በትንሹ የሚለካ ማሽን መጣ። በጠብታው የማይታየውን፣ በጣም ጥቂቱን ቁጣ ሳይቀር በቁጥር ያወጣል። በዚያ ሰሞን የተመደበልን የውስጥ ደዌ ሐኪም ዶክተር ሳሙኤል ሰብስቦ አስረዳን። የልብ ደም ሥሮች ግድግዳቸው ውስጥ ስብ ሲከማች ዝም ብለው አይሞሉም፤ ለዓመታት በዝግታ ይቆጣሉ፤ ያ ቁጣ ሳያም፣ ሳያተኩስ፣ ደም ላይ ትንሽ ምልክት ይተዋል። «ቁጥሩ ብቻውን ፍርድ አይደለም» አለን። «የታመመ ጥርስም ከፍ ያደርገዋል። ከደም ግፊት፣ ከዕድሜ፣ ከቤተሰብ ታሪክ ጋር ሲደመር ግን የልብን ነገር አስቀድሞ ያስጠረጥራል።»

ማሽኑን ለመሞከር የጤነኛ ሰዎች ደም ያስፈልገን ነበር። ጋሽ ኤርጊቾ መጣ የተባለውን ማሽን ለማየት ከሆመቾ መጡና እጅጌያቸውን አጥፈው ጋዋን የለመደ ክንዳቸውን ዘረጉልኝ። «ጤነኛ ከፈለጋችሁ እኔ አለሁ» አሉ። እውነትም በሥራ ዘመናቸው አንድ ቀን ታመው ቀርተው አያውቁም።

የሌሎቻችን ቁጥር ዝቅ ብሎ ወጣ። የእሳቸው ከፍ አለ። ማሽኑ ተሳስቷል ብዬ ደገምኩት። ከሁለት ሳምንት በኋላ አስጠርቼ እንደገና ቀዳሁ፤ በወሩም ሦስተኛ ጊዜ። ያው ነው። የጉሮሮ ሕመም የላቸው፣ የጥርስ ሕመም የላቸው፣ ሳል የላቸው።

ዶክተር ሳሙኤል አስቀመጣቸውና ስለ ቤተሰባቸው ጠየቃቸው።

«አባቴ እርሻ ላይ እንዳለ ነው ወድቆ የቀረው» አሉ ጋሽ ኤርጊቾ። «ታላቅ ወንድሜም ለቅሶ ቤት ተቀምጦ። ሰው በመድኃኒት ነው፣ በዓይን ነው ይላል።»

የደም ግፊታቸውም ከፍ ብሎ ተገኘ። ዶክተሩ መድኃኒት አዘዘላቸውና አንድ ነገር አጥብቆ ነገራቸው፦ «ደረትዎን ከተጫነዎት፣ ወደ ግራ ክንድዎ ወይም ወደ መንጋጋዎ ከሄደ፣ ጨጓራ ነው ብለው እንዳይተኙ። ያገኙት መኪና ላይ ወጥተው ይምጡ።»

ስንወጣ ሳቁ። «ማርታ፣ እስቲ አስቢው፤ ሳልታመም ታማሚ አደረጋችሁኝ።» መድኃኒቱን ግን መዋጥ አላቆሙም። የላቦራቶሪ ወረቀት ንቀው አያውቁም፤ የራሳቸው ስም ቢሆንም።

ሦስት ወር ገደማ እንዳለፈ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አስጠሩኝ። ሆስፒታል አልጋ ላይ ናቸው፤ ኦክስጅን ተደርጎላቸዋል። ጧት እንሰታቸው መሀል ሳሉ ደረታቸውን እንደ ድንጋይ ተጫናቸው። ባለቤታቸው ፌጦ በጥብጠው ሊያጠጧቸው ሲሉ «እንቢ፣ መኪና ጥሩልኝ» አሉ። ሞተር ሳይክል ተገኘ፤ በሁለት ጎልማሶች መሀል ተይዘው መጡ። ዶክተር ሳሙኤል የልባቸውን ሞገድ ሲያነሳ አንዱ የልባቸው ደም ሥር መዘጋቱን አየ። ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ቢደርሱ ኖሮ ምንም ማድረግ ባልቻልኩ ነበር አለኝ።

በሁለተኛው ቀን ገብቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እጃቸውን ያዝኩ፤ ይሞቃል። በዚያ በማይሰማ ድምፃቸው ተናገሩ።

«ዕድሜዬን ሙሉ የሌላውን ደም ሳዳምጥ የራሴ ሲጣራ አልሰማሁም ነበር። አንቺ ሰማሽው።»

«ማሽኑ ነው ጋሼ።»

«ማሽኑማ አንዴ ነው ያወጣው። ሦስቴ የቀዳሽኝ አንቺ ነሽ።»

ያን ቀን ከዚያ ክፍል ወጥቼ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፌ አለቀስኩ። ሐዘን አይደለም። ሰው በሳቅና በጨዋታ ሲውል፣ ሲዘራና ሲያጭድ፣ ከውስጡ አንድ ነገር ለወራት ስሙን እየጠራ ሊነግረው ይሞክራል፤ እኛ የተቀመጥነው ለመስማት ብቻ ነው። ይህን ለዓመታት ሠርቼዋለሁ። የገባኝ ግን ያን ቀን ነው። ጋሽ ኤርጊቾ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ፤ የልጅ ልጆቻቸውን አጋቡ።

ዘይነባ በዚያ ጊዜ ዳምቦያ አስተማሪ ሆናለች። ቁጣው ተመልሶባት አያውቅም፤ መርፌዎቹ ሥራቸውን ሠርተዋል። የልቧ በር ግን በመጀመሪያው ጊዜ የተበላሸው እንደተበላሸ ነው፤ እየጠነከረ ሄዶ ደረጃ መውጣት ከለከላት። ጥቁር ሰሌዳ ላይ አንድ መስመር ጽፋ መቀመጥ ጀመረች። ዶክተር ሳሙኤል አዲስ አበባ ላካትና ረጅም ወረፋ ጠበቀች። ከውጭ አገር የመጡ ሐኪሞች ቀዶ ሕክምና የሚያደርጉበት ሳምንት ሲደርስ አቶ ሸምሱ ደውለው «ማርታ፣ ነገ ይከፍቷታል» አሉኝ። ዱዓ አድርጊላት ሊሉኝ ብለው ትንሽ አሰቡና «በእናንተም በኩል ጸልዩላት» አሉ። ጸለይን። የተበላሸው የልቧ በር ወጥቶ የብረት በር ተተካላት።

ከአራት ወር በኋላ ከሰዓት ላይ ወደ ላቦራቶሪዬ ብቻዋን ገባች። በቀዶ ሕክምናው ቦታ ቁጣ አለመኖሩ እንዲታወቅ ሲአርፒ ታይ ተብላ ነው የመጣችው። ኮሪደሩን ሳትቆም፣ ትንፋሽ ሳያጥራት ነው የጨረሰችው፤ በመስኮት አየኋት። ደም ቀዳሁ፤ በአንድ ጊዜ አገኘሁት። ማሽኑ ላይ ላስገባ ስል መብራት ሄደ።

ማራገቢያው ቆመ፣ ማቀዝቀዣው ቆመ፣ ማሽኑም ጠፋ። ክፍሉ ጭር አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ቀጭን፣ ደረቅ፣ የማያቋርጥ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ግድግዳውን አየሁ፤ የእጄን ሰዓት ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁ። እሱ አይደለም።

«ይሄ ድምፅ የምንድነው?» አልኩ።

ዘይነባ ሳቀች። «እኔ ነኝ እትዬ» አለች። «ማታ ማታ ባለቤቴን እንቅልፍ እነሳዋለሁ።»

ተነስቼ ጎንበስ አልኩና ጆሮዬን ከሻርፗ በላይ ደረቷ ላይ አስጠጋሁ። እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች። ልቧ ይመታል፤ ከእያንዳንዱ ምት ጋር ብረቱ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ይቅርታ ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ለአባቷ ብያለሁ፣ ለእሷ ግን በዚያ ሁሉ ዓመት ብዬ አላውቅም ነበር።

«ዘይነባ፣ ያኔ ልጅ ሳለሽ...»

«አባዬ ነግሮኛል» አለች። «ያኔ ገና። ዝም በዪና ስሚ።»

መብራቱ እስኪመለስ ድረስ ዝም ብዬ ሰማሁ።